ለእማዬ ሹራብ ማሽን የመጡና ያልመጡ ገዢዎች

እማዬ የሹራብ ማሽኗን ለመሸጥ የወሰነችው ቀኝ እጇን አንስታ ጸጉሯን ማሰር ባቃታት ጠዋት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የማሽኑን እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲገፋ የኖረ ትከሻ አንድ ቀን በቃኝ አለ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላትና «ከእንግዲህ ሹራብ የለም» አላት። እሷ ደግሞ ሐኪም የተናገረውን እንደ ዳኛ ፍርድ የምትቀበል ሴት ናት። ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ቤት ገብታ ነጠላዋን ከሰቀለች በኋላ ነው «በይ ሽጪልኝ» ያለችኝ። «ግን ለሚሠራበት ሰው ነው። ፈታትቶ ብረቱን ለሚቸረችር አልሰጥም።»

ማሽኑ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገር። ርዝመቱ አንድ ሜትር አለፍ ይላል፤ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በሁለት ማሰሪያ ብረት ይጠፈራል፤ ከላዩ መርፌ በመርፌ ተደርድሮበታል። ክር አጉርሰው እጀታውን ከዳር እስከ ዳር ሲገፉት አንድ መስመር ሹራብ ይወጣል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሸዋ ወደ ጅማ ሲዛወር እማዬን ይዟት መጣ፤ እኔ ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አረፈ። ከዚያ በኋላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ያሳደገን ይህ ብረት ነው። ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ገብቶ «የሹራቧ እናት ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሳይጠፋ እኛ በር ላይ ይደርሳል። እማዬ የከተማውን ትምህርት ቤቶች የምታውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በሹራባቸው ቀለም ነበር፤ ሰማያዊዎቹ፣ አረንጓዴዎቹ፣ ወይን ጠጆቹ እያለች።

እኔ ያኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከግድግዳው ደግሞ የወጣ የኢንተርኔት ገመድ ነበረኝ። ዘመኑ ሰው ሁሉ ያረጀ ሶፋውን፣ የጠበበ ጫማውን፣ የጠላውን ቴሌቪዥን ኢንተርኔት ላይ መሸጥ የጀመረበት ነበር። የጅማና የአካባቢዋ ሰው የሚገበያይበት አንድ ገጽ ነበር፤ እዚያ ላይ የማሽኑን ፎቶ አወጣሁ። ከሥሩ የሚሠራ መሆኑን፣ ዋጋውን፣ ቦሳ ኪቶ መገኘቱን፣ የሚደወልበትን ስልክ ሁሉ ጻፍኩ። አንድም የሚጠየቅ ነገር አላስቀረሁም ብዬ ኮራሁ። ሞኝ ነበርኩ።

በማግሥቱ ቢሮ ስገባ መልእክቱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። አብዛኛው አንድ ቃል ነው። «አለ?»

ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። «አለ?» ይላል። «አዎ፣ አለ። ቀን ይምረጡና መጥተው ይዩት» ብዬ እመልሳለሁ። እዚያ ላይ ያበቃል። መልእክቴን ማንበቡን ምልክቱ ያሳየኛል፤ ሰውዬው ግን የለም። አንድ ሰው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ «ስኳር አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ባለሱቁ «አለ» ሲለው ጀርባውን ሰጥቶ ቢሄድ እብድ ነው ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ግን ይኼው ሰው ገዢ ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ በሳምንቱ ተመልሶ ያንኑ «አለ?» ይልካል። የመጀመሪያውን ጠይቆ መልስ ማግኘቱን እንኳ ረስቶታል። ለምን እንደሚጠይቁ ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት ዕቃ በዓለም ላይ መኖሩን እያረጋገጡ መዋል ሥራ ሆኖባቸው ይሆናል።

ሌላው ወገን «የመጨረሻ ስንት?» ባዩ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ሳያነብ የመጨረሻውን ይጠይቃል። ትነግረዋለህ፤ ይጠፋል። ብትቀንስለትም ይጠፋል። አንዱን በንዴት «በነፃ ውሰደው» ብዬ ልፈትነው አሰብኩ፤ እሱም ይጠፋ ነበር ብዬ ዛሬም እምላለሁ። «የት ነው?» የሚሉም አሉ፤ ቦሳ ኪቶ ብዬ ከፎቶው ሥር ጽፌያለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው ያሳዝነኛል፤ ማንበብ እየቻለ የማያነብ ግን ምን ልበለው?

እነዚህ እንኳ የሚጎዱት እኔን ብቻ ነው። የከፉት «እመጣለሁ» ባዮቹ ናቸው። አንዱ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ነገ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል፤ ሌላው «ኢንሻ አላህ ቅዳሜ ጠዋት» ይላል፤ ሁለቱም በፈጣሪ ስም ቀጥረው እኩል ይቀራሉ። እኔ ይህን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም። ግን የመጀመሪያዎቹን ነገርኳት። እሷ ደግሞ ገዢ እንግዳ ነው ብላ የምታምን ሰው ናት። ቤቱን ትጠርጋለች፣ ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ታወጣለች፣ ማሽኑ ላይ ክር አጉርሳ አንድ መዳፍ የምታህል ናሙና ትጀምራለች፤ ሰውየው ሲመጣ ከየት እንደሚቀጥል እንዲያይ። ለመጀመሪያው ገዢ ዳቦ ጋገረች። አልመጣም። ለሁለተኛውም ጋገረች። እሱም አልመጣም። ያን ሳምንት ጠዋትም ማታም ያልመጡ ሰዎችን ዳቦ ስንበላ ሰነበትን።

«ዝናቡ ይዞት ይሆናል» ትላለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየነው።

«እማዬ፣ ስልክ አለው እኮ። መቅረቱን መንገር ያቅተዋል?»

«ያፈረ እንደሆነስ? ሰው ገንዘብ ሲያንሰው ያፍራል።»

ለማያውቁት ሰው ሰበብ መፈለግ ለእሷ ጸሎት ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱን ስም በልቤ እየመዘገብኩ ነበር። አንዳንዱ ስም እንኳ የለውም፤ «የልቤ ንጉሥ» ይላል፣ «ብቸኛው አንበሳ» ይላል። የልቤ ንጉሥ በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ አንድ ማሽን ማየት ያልቻለ ንጉሥ ነው።

ከሁሉ ግን አንዱን አልረሳውም። መገለጫው ላይ የቢጫ አበባ ፎቶ ነው ያለው፤ ስሙም የሰው ስም አይደለም። ይህ ሰው እንደ ሌሎቹ አልጠፋም። ይጠይቃል፣ እመልሳለሁ፣ እንደገና ይጠይቃል። መቼ ተገዛ? ስንት ሰው ሠርቶበታል? መርፌዎቹ ሁሉ የራሱ ናቸው ወይ? እውነቱን ነገርኩት፤ ሁለቱ መርፌዎች ከሌላ ማሽን ተወስደው የተተኩ መሆናቸውን ጻፍኩለት። ፎቶ ከጎን ላኪ አለኝ፣ ላክሁ። ከሥር አለኝ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ አነሣሁ። ከዚያ «ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ፤ ባለቤቷ ተቀምጣ እየሠራች ፎቶ አንሺልኝ» አለ። እማዬን ለመንኳት። ፊቷን እያኮማተረች ተቀመጠችና እጀታውን አራት አምስት ጊዜ ገፋችልኝ። ፎቶውን ላክሁ። አየው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ከአሥር ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ በሻይ ሰዓት የመሥሪያ ቤታችን ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶ እጠጣለሁ። ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ የሚሠራ አንድ ባልደረባዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለሰባት ዓመት በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» የሚለኝ ሰው ነው።

«እናትሽ ማሽኑን ሸጠችው እንዴ?» አለኝ።

«ገና ነው።»

«እንዴት ብሎ ይሸጥ? ሁለት መርፌ የሌላ ማሽን እያለበት ሰው ይፈራል እኮ።»

ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ። ስለ ሁለቱ መርፌዎች በዚህ ምድር ላይ የነገርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አበባው አንተ ነህ?» አልኩት።

መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፤ ቀጥሎ ሳቀ። «ኧረ ዝም ብዬ ነው ባክሽ! ዋጋው ስንት ይሄዳል ብዬ ልወቅ ብዬ።»

«ልትገዛ ነበር?»

«እኔ ምን ላደርገው? ሹራብ ልሠራ?»

«እናቴን አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺልኝ ያልከውስ?»

«እንደሚሠራ ልይ ብዬ ነዋ።»

«ትከሻዋን ታማ ነው የተቀመጠችልህ።»

ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ በጣም የተጎዳ ሰው መስሎ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ጥፋቱን እንዲህ አጣጥፎ ለእኔ መልሶ ሰጠኝ። ከፈለገ እኮ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ሃያ እርምጃ ሄዶ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። ቤታችንንም ያውቀዋል፤ ለሁለት ልጆቹ የትምህርት ቤት ሹራብ የሠራችላቸው እማዬ ናት። እሱ ግን አበባ ውስጥ ተደብቆ የጎረቤቱን ቤት በቁልፍ ቀዳዳ ማየት መረጠ። የሰው ችግር እንዲህ ያዝናናዋል፤ የሹራቧ እናት ማሽኗን የምትሸጠው ምን አጥታ ነው፣ ታማ ነው፣ ልጇ መጦር አቅቷት ነው፣ ይህን ለማወቅ ነው ሁሉም።

በሳምንቱ አንድ የቆየ መዝገብ ፈልጎ መስኮቴ ላይ መጣ። የመዝገቡን ቁጥር ነገረኝና «አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቆመ። ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ቀና አላልኩም። ሲሰለቸው ሄደ። መዝገቡን ከሰዓት በኋላ በሌላ ሰው ላክሁለት። ትንሽነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ቀን ምሳዬ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከዚያ የአሰንዳቦው ሰውዬ መጣ፤ ማለቴ ደወለ። ሌሎቹ ሲጽፉ እሱ በድምፁ ደወለልን፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ሰው አስመሰለው። ድምፁ ማር ነው። እማዬን «እናቴ» ይላታል፣ እኔን «እህቴ» ይለኛል። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በአሰንዳቦ ከተማ የሹራብ ቤት ሊከፍት ነው፤ አራት ሴቶች ቀጥሮ ሊያሠራ ነው፤ ቤቱን እያስጠገነ ስለሆነ መውጣት አይችልም። «ብታመጡልኝ የመኪናውን እኔ እችላለሁ። እናቴም ለልጆቹ እንዴት እንደሚሠራ ቢያሳዩልኝ ምርቃት ነው» አለ። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የፈለገችውም ይኸው ነበር፤ ማሽኑ ቁጭ ብሎ የማይዝግበት፣ ሰው የሚሠራበት ቤት።

እኔ ብቻዬን ልሂድ ብላት እምቢ አለች። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጫንነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እማዬ አንገቷን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ጣራው አልፎ የሚታያት ይመስል። ረፋዱ ላይ አሰንዳቦ ወረድን። ስደውልለት ወዲያው አነሣ። «ደረሳችሁ? ጎበዞች! አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ መጣሁ።»

መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አሥሩ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። አንድ ሰዓት ሲያልፍ መጥራቱንም ተወ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው የምትለዋ ሴትዮ መጣች። መልእክት ጻፍኩ፣ አልደረሰም። እማዬ ሁለተኛ ሻይ አዘዘች። የሻይ ቤቷ ባለቤት ልጇን አዝላ ወጣ ገባ ስትል ቆይታ በመጨረሻ ጥቅልሉን አየችና በኦሮምኛ ምን እንደሆነ ጠየቀች። እማዬ ከደንበኞቿ ጋር ስትኖር ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻ ታወራዋለች። ማንን እንደምንጠብቅ ነገረቻት።

ሴትየዋ ሳቀች፣ ክፋት የሌለው ሳቅ። «አዮ» አለቻት፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ ከዚያ እኔም እንድሰማ ወደ አማርኛ አዞረችው። «አሰንዳቦ ስንት ቤት አላት? ሹራብ ቤት የሚከፍት ሰው ቢኖር እኔ ሳልሰማ?»

እማዬ ተነሥታ ብርድ ልብሱን ፈታች። ማሽኑን የሻይ ቤቷ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አጥብቃ አሰረችና ክር አጎረሰች። «ተይ እማዬ፣ ትከሻሽ» ብላት እንዳልሰማ ሆነች። እጀታው ያን የማውቀውን ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ወንበራቸውን አዞሩ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ። አንዷ በአድናቆት ምላሷን ታስጮሃለች፣ ሌላዋ ጣቷን ልታስገባ ትጠጋለች። እማዬ በማሽኑ የሠራችውን በእጇ ሰፋፍታ ለታዘለው ሕፃን ቆብ አወጣችለት። የሻይ ቤቷ ባለቤት የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች። ሰውዬው ግን አልመጣም። በዘጠኝ ሰዓት መኪና ይዘን ተመለስን።

ያን ሌሊት ትከሻዋ አብጦ አደረ። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ከሰውዬው መልእክት ጠበቀኝ፤ «ሌላ ቦታ አገኘሁ፤ አመሰግናለሁ» የሚል፣ ከመጨረሻው ላይ ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት ያለበት። አሥር ደቂቃ ስጡኝ ብሎ የታመመች ሴት በረንዳ ላይ ያስቀመጠ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ይልክልሃል። ስነግራት እማዬ ምን አለች መሰላችሁ? «ቢያንስ አሳውቆናል።» ያን ጊዜ በእሷም ተናደድኩ። ይህ ትዕግሥቷ እንደዚህ ዓይነቱን ሰው የሚያደልብ መሰለኝ።

በዚህ መሀል መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ። በክልሉ ሁሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ሁሉም ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም። የእኔ ቢሮ ገመድ አልተቆረጠም ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ማለዳ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ፣ መልእክት አያለሁ፣ አለመኖሩን አይቼ እበሳጫለሁ።

ኢንተርኔቱ ከመዘጋቱ በፊት ከአጋሮ አለፍ ብላ ካለች የቡና አገር አንዲት ሴት ጽፋልኝ ነበር። ስልኩ የወንድሟ መሆኑን፣ እሷ የራሷ እንደሌላት አስቀድማ ነግራኛለች። ጥያቄዋ የሌሎቹን አይመስልም። ወፍራም ክር ይቀበላል ወይ? የሕፃን ብርድ ልብስ ይወጣዋል ወይ? ትለኛለች። ለእማዬ ስነግራት «ይቺ ታውቃለች» አለች። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች፤ እሺ አልኳት። እማዬ ቀሚሷን አወጣች፤ ናሙናዋን ጀመረች። ቅዳሜ መጣ፣ ሴትየዋ ቀረች። በሳምንቱ «ትመጫለሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ዝም። በሌላው ሳምንት ደግሜ ጻፍኩ። ዝም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እማዬ የሕመም ማስታገሻዋን ውጣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ትቻት ቢሮ ገባሁ፤ የመልእክት ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ምንም። ያ ሁሉ የሰበሰብኩት ንዴት፣ የአበባው፣ የአውራ ጣቱ፣ የልቤ ንጉሥ፣ በጣቶቼ መጣ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ገንዘብ ከሌለሽ መጠየቁ ለምን አስፈለገሽ? የሰው እናት እያስጠበቁ መጫወት ነውር ነው። አሳዳጊ የበደለሽ!» ላክሁት። ልቤ ቅልል አለኝ። እንደውም ጥሩ አድርጌ የጻፍኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ ይመስለኛል፣ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች። ሠላሳ ዓመት አለፍ ያላት፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ በእጇ ማዳበሪያ ከረጢት የያዘች ናት። «የሹራቧ እናት እዚህ ነው?» አለች። እማዬ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ሰላምታው በኦሮምኛ ረጅም ሆነ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ። ማንነቷን እኔ አልጠየቅሁም፤ ሰፈር ውስጥ የላካት ሰው አለ ብዬ ነው።

ቤት ገብታ ማሽኑ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እኔም ከነሳሙናዬ ተከተልኳቸው። ከከረጢቱ የራሷን ክር አወጣች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየገፋች መረመረች፤ ሁለቱ የተተኩት ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አጎንብሳ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። ክሩን አጎረሰች። እጀታውን ስትገፋ እማዬ ዐይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ስንዝር የሚያህል ከሠራች በኋላ አቆመች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለች። «እወስደዋለሁ።» ከዚያ ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ለእማዬ ሰጠች። «ግን መጀመሪያ ይኼን ያንብቡልኝ። ይኼን የጻፈችው ልጅዎ ናት?»

ገና ወረቀቱ ሳይዘረጋ ገባኝ። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ ነበረ፤ ያን አረፋ እያየሁ ቆምኩ። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቃል በቃል፣ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። ገንዘብ ከሌለሽ። የሰው እናት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዝግ አለች፤ ግን አልዘለለችውም።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው እንዲህ የጻፍሽው?»

አዎ ልል ነበር፣ አላልኩም። ወደ ሴትየዋ ዞሬ «እንደ ሌሎቹ መስለሽኝ ነው» አልኳት። ስናገረው እንኳ ምን ያህል ከንቱ ቃል እንደሆነ ተሰማኝ።

ሴትየዋ አልጮኸችም። «ያን ቅዳሜ መንገድ ዝግ ነበር እኮ፤ መኪና አልወጣም። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ» አለች። «ወንድሜ የቡና መኪና ላይ ረዳት ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ሲገባ የአንቺ መልእክት ባንዴ ገባለት። ስልኩን ይዞት ስለሚሄድ በወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ። ለማንበብ እንኳ አፍሮ፣ ወረቀቱን ጥሎልኝ ወጣ።»

መንገዱ መዘጋቱን አውቅ ነበር። ያን ሳምንት ከአጋሮ የሚመላለሱ ሁለት ባልደረቦቼ ሥራ አልገቡም፤ የቀሩበትን ማስታወሻ መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ራሴ ነኝ። ኢንተርኔቱ መዘጋቱንም አውቅ ነበር። ስልክ እንደሌላትም ነግራኛለች። ሁሉንም እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

«እንዲህ ተጽፎልሽ ታዲያ ለምን መጣሽ?» አልኳት።

«ማሽኑ አልሰደበኝማ» አለች።

እማዬ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን አልሳቅሁም። «አፉ በይኝ» አልኳት።

«እኔ ብያለሁ» አለችና ክሯን መጠቅለል ጀመረች። «የእናቴ እናት ናት ያሳደገችኝ። እሷ ግን ሞታለች፤ ስለ እሷ ማን አፉ ይበልሽ?»

እስከ ዛሬ የሰማሁት ከባዱ ነገር ይኼ ነው።

እማዬ በዚያው ቀን አትሄጂም አለቻት። ሁለት ሌሊት እኛ ዘንድ አደረች። አልጋዬን ለእሷ ለቅቄ ፍራሽ ላይ ተኛሁ። እማዬ ለሰላት ውሃ በማሰሮ እያቀረበች፣ በመሀል ደግሞ አንገት አወጣጥ፣ ክንድ አቀናነስ፣ የክር መቋጠሪያ እያሳየቻት ሁለቱ ማሽኑን ሙጭጭ ብለው ዋሉ። እማዬ መግፋት ስለማትችል በአፏ ትነግራታለች፤ ሴትየዋ «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ እሺ፣ እያለች ትገፋለች። እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ቢሮ ስሄድና ስመለስ እዚያው ናቸው። እማዬ ስትሠራ እንጂ ስታስተምር አይቻት አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ማስተማር አልፈለገችም፤ እኔም መማር አልጠየቅሁም፤ መዝገብ ቤት መግባት ይበልጣል ብለን ሁለታችንም ወስነን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ገንዘቡን ለእማዬ ቆጥራ ሰጠቻትና መናኸሪያ አደረስናት። ማሽኑ በዚያው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጣራ ላይ ወጣ። እማዬ የተረፋትን ክር ሁሉ፣ ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውን፣ ወይን ጠጁን፣ በከረጢት ሞልታ ሰጠቻት። ሴትየዋ የእማዬን እጅ ስማ መኪናው ውስጥ ገባች። እኔን በመስኮት ጨበጠችኝ። ሞቅ ያለ አጨባበጥ አልነበረም፤ ግን ጨበጠችኝ።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ደግ ሰው ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ለዚያች ሴት ያለኝ ሐፍረት ለሌሎቹ ያለኝን ንቀት አልቀነሰውም፤ እንደውም ጨመረበት። ለእነሱ የተዘጋጀውን ስድብ ወስዳ የተሸከመችው እሷ ናት። የአሰንዳቦው ሰውዬ ስልክ ነበረው፣ ኔትወርክ ነበረው፣ መንገዱም ክፍት ነበር፤ እሱን ግን አንድም ክፉ ቃል አልጻፍኩለትም። መልስ መስጠት እየቻለ ዝም ለሚል ሰው ዛሬም ክብር የለኝም። ለውጥ ካለ፣ የሚችለውንና የማይችለውን ሳልለይ ጣቴን አላነሣም፤ ይኼው ነው።

ከመናኸሪያ ስንመለስ እማዬ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር አንሥተን ወደ ጓዳ እንድናስገባው ጠየቀችኝ፤ በጠረጴዛው ፈንታ አልጋዋን እዚያ አደረግን፣ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ነው። እኔ ፈቃድ ስለወሰድኩ ቢሮ አልተመለስኩም። ከምሳ በኋላ ዕቃ አጥቤ ስመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታለች። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴን ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ጫማዋን ቀስ ብዬ አወለቅሁላት። አልነቃችም።